ባጃጁ የእኔ፣ መሪው የእሱ፤ ጥፋቱስ የማን?

ከባህር ዳር የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል።

«አንድ ባጃጅ አለችኝ፤ ሹፌር ቀጥሬ ነው የማሠራት። ክረምት ላይ ዝናብ እየጣለ ልጁ ወደ ጊዮርጊስ ሲመጣ ከገበያ የሚመለሱ አንዲት እናት ገጨ። እግራቸው ተሰበረ። እኔ በሰዓቱ ቤቴ ነበርኩ። ፖሊስ ተከሳሹ ሹፌሩ ነው ይላል። የሴትዮዋ ልጆች ተጠያቂው አንተ ነህ ይሉኛል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ‘ጥፋትህን እመንና እንጨርሰው’ ይላሉ። ሹፌሩ በዝናቡና በመንገዱ ጉድጓድ ያሳብባል። ወንድሜ ልጁን አባረው ይለኛል። እኔ ምን አጠፋሁ? ጥፋተኛ፣ ተጠያቂ፣ ተከሳሽ፣ ተወቃሽ ሲባል ልዩነቱ ምንድን ነው? እኔስ የትኛው ነኝ?»

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት እኒያን እናት እግዚአብሔር ይማራቸው። ጥያቄህን በዚህ መልክ ስላቀረብከው ደግሞ ደስ ብሎኛል። እዚሁ ባህር ዳር በጥብቅና ስሠራ የማየው ሌላ ነው። ሰው መጥቶ «ጥፋተኛው ማን ነው?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል፤ በዚያች አንዲት ቃል ሦስት አራት ነገር አንድ ላይ ያስራል። ከዚያ ጠቡ ይከርራል። ጠቡ የሚከርረው በሆነው ነገር ላይ ሳይስማሙ ቀርተው እንዳይመስልህ። አንዱ «ተጠያቂ ነህ» ሲል «ሕክምናውን ክፈል» ማለቱ ነው፤ ሰሚው ግን «ክፉ ሰው ነህ» የተባለ ይመስለውና ደሙ ይፈላል። አንዱ ስለ ካሳ ያወራል፣ ሌላው ስለ ክብሩ ይሟገታል። እንዲህ ሆነው አንድ ዓመት ሙሉ ሊነታረኩ ይችላሉ።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ። የጻፍካቸው አራት ቃላት የአራት የተለያዩ ጥያቄዎች መልስ ናቸው። ማን አደረገው? ማን ይጠግነው? ማን ፊት ቀርቦ መልስ ይስጥ? ማንንስ እንውቀስ? አራቱም አንድ ሰው ላይ ሊያርፉ ይችላሉ፤ አራት ሰው ላይም ሊበተኑ ይችላሉ። አንተ ላይ ያረፈው፣ ከጻፍከው እንደተረዳሁት፣ የመካስ ኃላፊነት ነው። ጥፋት ገና አልተረጋገጠብህም። ወቀሳው ደግሞ አንተ ብቻ በምታውቃቸው ጥቂት ነገሮች ላይ ይወሰናል፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ «ጥፋት» የሚለውን እንየው፣ የችግሩ ግማሽ እሱ ውስጥ ነውና። ቃሉ ከ«ጠፋ» የመጣ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ነገር ተሸክሟል። ጎርፍ ማሳ ጠራርጎ ሲወስድ «ጎርፉ ብዙ ጥፋት አደረሰ» እንላለን። ሰው ያልተገባ ነገር ሲያደርግም «የእሱ ጥፋት ነው» እንላለን። ጎርፉን ግን ማንም አይወቅሰውም። የደረሰው ጉዳትና የሰው ስህተት በአንድ ቃል ስለሚጠሩ፣ ጉዳት ባየን ቁጥር ከጀርባው ስህተት የሠራ ሰው መኖር ያለበት ይመስለናል። እግር ተሰብሯል፤ ስለዚህ አንድ ሰው አጥፍቷል። እንዲህ ነው የምናስበው። አንዳንዴ ልክ ነው፣ አንዳንዴ ግን ጉዳቱ አለ፣ ስህተቱ የለም።

ሕጉ ይህን ይለያል። የወንጀል ሕጋችን (የ1996 ዓ.ም. ማለቴ ነው) ጥፋት የሚለው አእምሮ ውስጥ ያለውን ነገር ነው። አስቦ ማድረግ አለ፤ ቸልተኝነት አለ። ሁለቱም ከሌሉ፣ ነገሩ ከሰው አቅም በላይ በሆነ ምክንያት ወይም በድንገተኛ አደጋ ከደረሰ፣ ማንም አይቀጣም። ስለዚህ ሹፌሩን በተመለከተ የሚመረመረው «ገጨ ወይስ አልገጨም» ብቻ አይሆንም። በዝናብ ፍጥነቱን ቀንሶ ነበር? ስልክ እያወራ ነበር? አንድ ጠንቃቃ ሹፌር እዚያ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? ይህ የልጁ ጉዳይ ነው። ወንጀል በውክልና አይወረስም፤ ባጃጁ የአንተ ስለሆነ ብቻ ወንጀለኛ አትሆንም።

የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ግን ሌላ በር ይከፍታል፤ አንተን የሚመለከተው እሱ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ስለሚመጣ ኃላፊነት ሲደነግግ ሦስት ምንጭ ያስቀምጣል። አንደኛው የራስ ጥፋት ነው። ሁለተኛው ያለ ምንም ጥፋት ሕጉ ራሱ የሚጥለው ኃላፊነት ነው። ሦስተኛው ሌላ ሰው ላደረገው መጠየቅ ነው፤ አባት ለአካለ መጠን ስላልደረሰ ልጁ፣ አሠሪ ለሠራተኛው። ሁለተኛውን በደንብ አንብበው። የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ እሱ ባያሽከረክረውም፣ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳውም እንኳ። በዚያ ሰዓት ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ግን ይድናል። በሬህ ጋጣ ሰብሮ ወጥቶ ሰው ቢወጋም እንዲሁ ነው፤ «አምልጦኝ ነው» አያድንህም።

«እኔ ቤቴ ነበርኩ» ያልከው እንግዲህ ለወንጀሉ ትልቅ ነገር ነው፣ ለካሳው ግን ብዙም አይረዳህም። «ሌላ ሰው ነው ያጠፋው» ማለትም አይጠቅምህም። ሊቀንስልህ የሚችለው የተጎጂዋ የራሳቸው ጥፋት ካለ ነው፤ ለምሳሌ ሳይታሰብ መንገድ ውስጥ ገብተው ከሆነ። እሱንም ማስረዳት አለብህ፣ በወሬ አይሆንም።

ይህ ፍርደ ገምድልነት ይመስልሃል? ብዙ ደንበኛ ይመስለዋል። እኔ ግን ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ከባጃጇ በየቀኑ ገቢ የምትቀበለው አንተ ነህ። ከተማ ውስጥ አደጋ ልታደርስ የምትችል ነገር አሰማርተህ ትጠቀማለህ፤ አደጋው ሲመጣ ኪሳራውን ምንም ያልተጠቀሙት መንገደኛዋ እናት ይሸከሙት ማለት ነው ፍርደ ገምድልነት። ሕጉ «ክፉ ነህ» አላለህም። «ጥቅሙም ጉዳቱም የአንተ ነው» ነው ያለህ። ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በአዋጅ ግዴታ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ቦሎ ለማውጣት ብቻ የሚገዛ ወረቀት አይደለም። በል አሁኑኑ ለኢንሹራንስህ አመልክት፣ እስካሁን ካላመለከትክ።

«ተጠያቂ» የሚለውን የሴትዮዋ ልጆች የተጠቀሙበት ቃል እኔ እወደዋለሁ። በድሮው የሙግት ሥርዓት፣ በላ ልበልሃ በሚባለው፣ አንዱ ተነስቶ «ተጠየቅ!» ሲል ሌላው «ልጠየቅ!» ብሎ ይቀበል ነበር። መጠየቅ ማለት ተነስቶ መልስ መስጠት ነው እንጂ መረታት አይደለም። የተጠየቀ ሰው ሙግቱን ሊያሸንፍም ይችላል። ዛሬ «ተጠያቂ» ስንባል እንደ ስድብ እንሰማዋለን፣ ስለዚህ ስልክ እንዘጋለን፣ መንገድ እንቀይራለን። ልጆቹ ምናልባት የፈለጉት አንተ ሆስፒታል ቀርበህ «እኔ ነኝ ባለቤቱ፣ ምን ላድርግ?» እንድትል ነው። ሄደሃል? ጥያቄህ ላይ አልጻፍከውም፤ እንዳልሄድክ ጠርጥሬያለሁ።

«ተከሳሽ» ቀላሉ ነው። ክስ የቀረበበት ሰው ማለት ነው፣ ሌላ ምንም ማለት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ተብሎ የመገመት መብት ሰጥቶታል። ልጁ ተከሳሽ ስለሆነ ብቻ ሰፈሩ «ሰው ገዳይ» እያለ እንዳይጠራው አንተም ተከላከልለት።

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው ያለ ማስረጃ ተበልቷል። ድሮ ሌባሻይ የሚባል ነበር። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ በየሰፈሩ ይሄዳል፤ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። በቃ። ያ ሰው ያልወሰደውን ዕቃ ይከፍላል። አውጫጭም ነበር፤ አገሬው ተሰብስቦ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። አውጫጩ ቢያንስ ሰው ያነጋግራል። ሌባሻይ ግን ንጹሕ ግምት ነው፤ ቀረ፣ እሰየው። አስተሳሰቡ ግን አልቀረም። እዚሁ ጣና ዙሪያ ልጅ ሲታመም «ቡዳ በላው» ተብሎ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው ሲጠረጠር ስንት ትውልድ አለፈ። ምንም ያላደረገ ሰው በእጁ ሙያ ብቻ ተወነጀለ። ለዚህ ነው «ውንጀላ» እና «ክስ»ን መለየት ያለብን። ክስ ማስረጃ ይዞ ዳኛ ፊት ይቆማል፤ መልስም ይሰማል። ውንጀላ የሚፈልገው አንድ አፍና ብዙ ጆሮ ነው። «ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ስሟን ይሏታል ጅግራ» የተባለው ስለዚህ ነው። በነገራችን ላይ ሐሰት መሆኑን እያወቁ ሰውን በወንጀል መጠቆም ራሱ ወንጀል ነው፤ ስም ማጥፋትም እንዲሁ። ፌስቡክ ላይ ታርጋውን ለጥፎ የልጁን ስም የሚያጎድፍ ካለ ንገረው።

አሁን ወደ ወቀሳ። ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ሕግ አያውቀውም።

ሰው የማያውቀውን አይወቅስም። ልብ ብለህ ተመልከት፤ ባዕዱን ይከሳል፣ ይነቅፋል፣ ይሰድባል። የሚወቅሰው ግን ወዳጁን፣ ልጁን፣ ጎረቤቱን ነው። ወቀሳ ውስጥ «ከአንተ ይህን አልጠብቅም ነበር» የሚል አለ። መጠበቅ ካልነበረ መውቀስ የለም። ለዚህም ነው ሕሊና አይከስም የምንለው፤ ይወቅሳል። ከራስ የቀረበ ወዳጅ የለምና። ነቀፋ የሥራውን ጉድለት ያሳያል፤ ወቀሳ ግንኙነቱን ይነካል። ኩነኔ ደግሞ ከሁለቱም ያልፋል፤ ሰውየውን ከነነፍሱ ነው የሚጥለው፣ እሱን ለፈጣሪ ብንተወው ይሻላል።

ወቀሳ ካልተነገረ አይጠፋም። ቅያሜ ይሆናል። ቅያሜ ዝም ያለ ወቀሳ ነው፤ ሰውየው ሰላም ይልሃል፣ ዓይኑ ግን አይልህም። ሲሰነብት ቂም ይወጣዋል። ቂም ደግሞ ምን እንደሚያስከትል ለአማራ ክልል ሰው አልነግርም፤ በደም የተፈላለጉ ቤተሰቦችን ሁላችንም እናውቃለን፣ መነሻውን ስትጠይቅ አንዳንዴ የወሰን ድንጋይ ነው፣ አንዳንዴ በሰርግ ላይ የተነገረ አንዲት ቃል። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባላል። ስለዚህ ሰው ፊት ለፊት ሲወቅስህ ክፉ አድርገህ አትየው። አሁንም እንደ ሰው እየቆጠረህ ነው። የምፈራው የሴትዮዋ ልጆች ዝም ያሉ ቀን ነው።

ታዲያ አንተ ተወቃሽ ነህ? ቅድም የቀረኝ ይህ ነው፤ መልሱን የምታውቀው አንተ ነህ። ፍሬኗን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አሠራህ? ጎማዋ አልቆ «ትንሽ ይቆይ» ብለሃል? ልጁ መንጃ ፈቃድ አለው? ሌላም አለ፣ ባለቤቶች የማይወዱት ጥያቄ። የቀን ገቢ ስንት ነበር የቆረጥክበት? ጠዋት ወጥቶ እስከ ማታ ያቺን ገንዘብ ካላሟላ ከኪሱ የሚጨምር ልጅ በዝናብም ይበራል፣ ነዳጅ ፍለጋ ሲሰለፍ የዋለ ቀን ደግሞ ይብሳል። ይህ ካለ፣ ፍርድ ቤት ባይጠራህም ወቀሳው ድርሻህ ነው፤ ባጃጇን የሰጠኸው ሲሮጥ ብቻ በሚያዋጣ ስሌት ነበርና። ይህ ሁሉ ከሌለ፣ ባጃጇ ጤነኛ፣ ልጁ ፈቃድ ያለው፣ ገቢው ልከኛ ከሆነ፣ ካሳውን ክፈል፣ ሕሊናህን ግን አትግረፈው። መክፈልና መጸጸት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ስለ ሹፌሩ ሰበብ። ምክንያትና ሰበብ ተለያይተው መታየት አለባቸው። ዝናቡ እውነት ነው። ጉድጓዱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ባህር ዳር ውስጥ የክረምት መንገድ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ምክንያት የሆነውን ይገልጻል። ሰበብ ግን ራስን ከመሐል ያወጣል። «ዝናብ ነበር፣ ግን ፍጥነቴን አልቀነስኩም» ምክንያት ነው። «ዝናቡ ነው የገጫቸው» ማሳበብ ነው። አዳምም ሲጠየቅ «የሰጠኸኝ ሴት ሰጠችኝ» አለ፣ ሔዋንም «እባብ አሳተኝ» አለች፤ ሁለቱም ያሉት ነገር ሆኗል፣ መልስ ግን አልሆነም። ልጁን ግን በዚህ ብቻ ውሸታም አትበለው። የሥነ ልቦና ሰዎች ደጋግመው ያሳዩት ነገር አለ፤ ሌላ ሰው ሲሳሳት ጠባዩን እናያለን፣ እኛ ስንሳሳት ሁኔታውን እናያለን። እሱ ሲገጭ «ቀዥቃዣ ስለሆነ»፣ እኛ ስንገጭ «መንገዱ ስላዳለጠ»። አንተም «ቤቴ ነበርኩ» ስትል፣ ወንድምህም «ልጁን አባረው» ሲል፣ ሁላችሁም ይህንኑ እያደረጋችሁ ነው። ወንድምህ በተለይ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንዳይሆን፤ ደካማው ላይ ማላከክ ቀላል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከባጃጅ ትንሽ ብወጣም። እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. ነው። አረሙ የደቡብ አሜሪካ ነው፣ እዚህ አልተፈጠረም። ከዚያ ወዲህ «ማን አመጣው?» እያልን ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን! አንዱ መንግሥትን፣ ሌላው ዓሣ አጥማጁን፣ ሌላው ያልታወቀ ጠላትን። ያመጣው ሰው ቢታወቅ ደስ ይለኛል። ግን ገበሬው አንገቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ሲነቅል «መጀመሪያ ጥፋተኛው ይገኝ» አላለም። የከተማው ፍሳሽና ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያ አረሙን ይመግቡታል፤ እሱን ማስቆም ደግሞ፣ አረሙን ባናመጣውም፣ የእኛ ኃላፊነት ነው። ጥፋት ወደ ኋላ ያያል። ኃላፊነት ወደ ኋላም ወደ ፊትም ያያል።

ሽማግሌዎቹ «ጥፋትህን እመን» ሲሉህ ስለዚህ አትቆጣ፣ ግን ጠይቃቸው። «የትኛውን?» በላቸው በአክብሮት። በሽምግልና ቋንቋ በዳይና ተበዳይ አለ፤ ያለዚያ እርቅ አይቆምላቸውም። በደል ከተጎዳው ሰው ወገን የሚታይ ነው፤ ጥፋት ከአድራጊው ወገን። ሴትዮዋ ተበድለዋል፣ ይህ አያከራክርም፤ እግራቸው ተሰብሯል። አንተ አጥፍተሃል ማለት ግን ሌላ ነው። «በእኔ ንብረት ተጎድተዋል፣ አዝኛለሁ፣ እክሳለሁ» ብትል ሽማግሌም ይረካል፣ እውነትም አይጎዳም። እንደ ጥንቱ ድንጋይ ተሸክመህ እግር ላይ መውደቅ ከፈለግህ ውደቅ፣ ለእናት መውደቅ ነውር የለውም። ወረቀት ላይ ግን «ጥፋተኛ ነኝ» ብለህ ሳታማክር አትፈርም። የመድን ውሎች ብዙ ጊዜ ያለ ኩባንያው ፈቃድ ጥፋት ማመንን ይከለክላሉ፤ ውልህን አውጥተህ አንብበው። እርቁ ደግሞ የወንጀሉን ምርመራ በራሱ ያቆማል ብለህ አትገምት። ጉዳቱን መካስና ከልብ መጸጸት ግን ልጁ ቢፈረድበት ቅጣት ማቅለያ ሊሆኑለት ይችላሉ።

ሴትዮዋ ወይም ልጆቻቸው ካሳ በፍርድ ቤት መጠየቅ ከፈለጉ በመደበኛው ሁለት ዓመት አላቸው። ይህን የምነግርህ ጊዜ እንድትገዛ አይደለም። ሽምግልናው ሲጎተት መብታቸው እንዳያልፍባቸው አንተው ራስህ ንገራቸው፤ እንዲህ ያደረገ ሰው ላይ ቅያሜ አይበረታም።

ልጁን ስለማባረር፣ ምርመራው እስኪያልቅ ጠብቅ። በቸልተኝነት እንደገጨ ከተረጋገጠ የከፈልከውን መልሰህ ልትጠይቀው የምትችልበት መንገድ ሕጉ ውስጥ አለ፤ ያኔ ና እናየዋለን። እስከዚያ ባጃጇ ትቁም፣ ፍሬኗና ጎማዋ ይታዩ፣ የቀን ገቢውን ሂሳብ ከልጁ ጋር ተቀምጣችሁ እንደገና አስሉት። ከሁሉ በፊት ግን ዛሬውኑ፣ ከልጁ ጋር ሆነህ፣ ሆስፒታል ሂድ።